ለቀጭን የተራራ መንገድ የትኛው ሞተር ሳይክል ይሻላል? ያማሃ ኤጂ 200 እና ሆንዳ ሲአርኤፍ 300ኤል ሲነጻጸሩ

በምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ አካባቢዎች የመኪና መንገድ ሲያበቃ የሚቀጥለው አብዛኛውን ጊዜ የሰውና የከብት እግር ያበጀው ቀጭን መንገድ ነው። ከኤልጎን ተራራ ግርጌ እስከ ጋሞ ደጋ ድረስ የጤና ባለሙያዎች፣ የእንስሳት ሐኪሞችና የግብርና ሠራተኞች ይህን መንገድ በእግር፣ በበቅሎ ወይም በሞተር ሳይክል ያቋርጡታል።

ለእነዚህ ሰዎች ሞተር ሳይክል መምረጥ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለባቸው። ክትባቱ የሚጓጓዝበት ሳጥን ደግሞ ቅዝቃዜውን ይዞ የሚቆየው ለተወሰነ ጊዜ ነው። ሞተሩ ዳገት ላይ ከቆመ ወይም አሽከርካሪው ገደል አፋፍ ላይ ከወደቀ ጉዳቱ በአንድ ሰው ላይ ብቻ አይቀርም።

ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ ከሚታሰቡት መካከል ሁለት የጃፓን ኩባንያዎች ሥሪቶች ይገኙበታል። ሁለቱም ከአስፋልት ውጭ እንዲሄዱ ታስበው ቢሠሩም የተነሡበት ዓላማ ግን የተለያየ ነው።

የእርሻ ሞተርና የጉዞ ሞተር

የያማሃ ኤጂ 200 ስም "አግሪካልቸር" ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ገበሬዎች ዘንድ በሰፊው የታወቀ የሥራ ሞተር ሳይክል ነው። 196 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተርና 5 ማርሽ አለው። ከፊትና ከኋላ የዕቃ መጫኛ ተገጥሞለታል። ካቴናው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ በመሆኑ ጭቃና አቧራ በቀላሉ አያገኘውም። የጎን ማቆሚያ በግራም በቀኝም ስላለው መሬቱ ወደየትም ቢያጋድል ማቆም ይቻላል።

ሆንዳ ሲአርኤፍ 300ኤል በ2021 ሞዴል የቀድሞውን 250ኤል የተካ ሲሆን፣ በአስፋልትም ከአስፋልት ውጭም ለመጓዝ የተሠራ ነው። ሞተሩ 286 ሲሲ፣ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝና ባለ 6 ማርሽ ነው። በታችኛው አካሉና በመሬት መካከል 28.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት አለው። ሁለቱም ፍሬኖቹ ዲስክ ናቸው፤ የኤጂ 200 ግን ታምቡር ናቸው። በጉልበት፣ በሞላና በፍሬን ረገድ ሆንዳው ያለ ጥርጥር ይበልጣል።

እግር መሬት ይደርሳል ወይ?

ነገር ግን በቀጭን መንገድ ላይ ጉልበት የመጀመሪያው መመዘኛ አይደለም። ሆንዳው ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው ሞተሩ በደቂቃ 8,500 ዙር ሲደርስ ነው። በድንጋይና በሥር መካከል በአንደኛ ማርሽ፣ በእግረኛ ፍጥነት ለሚጓዝ ሰው ይህ ጉልበት ብዙም አይደረስበትም።

እዚህ ላይ ወሳኙ አሽከርካሪው ሚዛኑ ሲዛነፍ እግሩን መሬት ላይ ማሳረፍ መቻሉ ነው። የሆንዳው መቀመጫ ከመሬት 88 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ የያማሃው ግን 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 የሆነ ሰው የውስጥ እግሩ ርዝመት ከ75 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የሆንዳው ሞላ በሰው ክብደት ጥቂት ዝቅ ቢልም ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ቁልቁለቱ በአንድ ወገን ከሆነ ደግሞ እግር የሚያርፍበት መሬት ይበልጥ ይርቃል።

ይህ በተለይ ሴቶችን ይመለከታል። ለምሳሌ በኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በአማካይ ቁመት ላለው ወንድ ተብሎ የተመረጠ ሞተር ሳይክል ብዙዎቹን ከመጀመሪያውኑ ከሥራው ሊያርቃቸው ይችላል።

ክብደትም አብሮ ይታያል። ሆንዳው ነዳጅ ተሞልቶ 142 ኪሎ ይመዝናል፤ ያማሃው ከዚያ ይቀላል። በቀጭን መንገድ መውደቅ ያለ ነገር ነውና፣ የወደቀውን ሞተር ብቻውን ማንሣት የማይችል ሰው ጉዞው እዚያው ሊያበቃ ይችላል።

ከፍታና ጥገና

ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ከጉልበቱ ከሩብ በላይ ያጣል። በዚህ ረገድ ሆንዳው የተሻለ ነው። በኤሌክትሮኒክ ዘዴ የሚረጨውን ነዳጅ ከአየሩ ጋር ራሱ ያመጣጥናል። ካርቡሬተር ያለው ያማሃ ግን ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ከአየሩ የበዛ ነዳጅ እየወሰደ ይደክማል፤ ማስተካከያም ሊፈልግ ይችላል።

ጥገና ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። ካርቡሬተርን በመፍቻ ፈትቶ የሚያጸዳ መካኒክ በትናንሽ ከተሞች አይታጣም። የኤሌክትሮኒክ ብልሽትን ለመለየት ግን መሣሪያና ሥልጠና ያስፈልጋል። የሆንዳው ባትሪ ከሞተ በእግር ረግጦ ማስነሣት አይቻልም፤ ኤጂ 200 ግን ሁለቱም ማስነሻ አለው። የሆንዳው ራዲያተር በዝግታ በሚወጣ ረጅም ዳገት ላይ ሞተሩን ከሙቀት ቢጠብቅም፣ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ሊቀደድ የሚችል ተጨማሪ አካል ነው።

የቱ ለማን?

ጭነት ይዞ፣ በዝግታ፣ ከመካኒክ ርቆ ለሚጓዝ ሰው፣ በተለይም ቁመቱ አጠር ላለ፣ ኤጂ 200 የሚመረጥ ነው። ረጅም የጥርጊያ መንገድ ተጉዞ ከፍ ወዳለ ተራራ ለሚወጣ፣ ጭነቱ ቀላል ለሆነና ቁመትም ልምድም ላለው ሰው ሆንዳው ይስማማዋል።

ከመግዛት በፊት ሦስት ነገሮችን መሞከር ይበጃል። የመጀመሪያው ተቀምጦ የሁለቱም እግሮች ፊት መሬት መንካቱን ማየት ነው። ሁለተኛው ሞተሩን ጠፍቶ ዳገት ላይ ወደ ኋላ መግፋት፣ ሦስተኛው ደግሞ ለስላሳ መሬት ላይ አጋድሞ ብቻን ማንሣት ነው። የፍሪሲዮን ገመድ፣ የፍሬን ሸራና የአየር ማጣሪያ በአቅራቢያ መገኘታቸውንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ድርጅቶች ለብዙ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ሲገዙ ይህ ፍተሻ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሊቀር አይገባም። በመንገዱ የሚመላለሱት ሠራተኞች ራሳቸው፣ ዘወትር የሚይዙትን ጭነት ጭነው ቢሞክሩት ውሳኔው የሚጸና ይሆናል።