የባህል ደኅንነት፦ በሕዝበ ውሳኔ ወቅት የማን ነው?

«የባህል ደኅንነት» ማለት ሰው ቋንቋውን፣ ወጉንና ማንነቱን ሳይደብቅ፣ ሳይናቅም አገልግሎት የሚያገኝበት ወይም ሐሳቡን የሚናገርበት ሁኔታ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከኒውዚላንድ ነው፤ አይሪሃፔቲ ራምስደን የተባለች፣ ከአገሪቱ ቀደምት ሕዝብ ከማዖሪ የተወለደች ነርስ አዳበረችው፣ የአገሪቱ የነርሶች ምክር ቤትም በ1992 እ.ኤ.አ. በሥልጠናው ውስጥ አስገባው። ዋናው ቁም ነገር ዳኛው ማን እንደሆነ ነው፦ ሕክምናው ክብሩን እንዳልነካ የሚፈርደው ታካሚው እንጂ ነርሷ አይደለችም።

ቃሉ ወደ ድምፅ መስጫም ተሻግሯል። አውስትራሊያ ጥቅምት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ስለ ቀደምት ሕዝቦቿ ውክልና ድምፅ ስትሰጥ፣ የክርክሩ ርዕስ የሆኑት ሰዎች ስለ ራሳቸው የሚባለውን ሁሉ ለወራት መስማት ነበረባቸው። የውክልናው ሐሳብም በአብዛኛው መራጭ ድምፅ ውድቅ ሆነ።

ከሞጆ ተነስቶ ዓለም ጤናን፣ መቂንና ሻሸመኔን አቋርጦ ሐዋሳ ለሚገባ መንገደኛ ግን ምሳሌው ቅርብ ነው። የሲዳማ ሕዝብ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከ98 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ ክልልነትን መረጠ። ለክልልነት የቆመው ምልክት ሻፌታ፣ የሲዳማ የገበታ ዕቃ ነበር። ለረጅም ጊዜ ጥያቄው ሲገፋ ለኖረ ሕዝብ ይህ ትልቅ ክብር ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት፣ ሐምሌ 2011 ዓ.ም. ላይ፣ ሕዝበ ውሳኔው መዘግየቱን ተከትሎ በተነሳው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ሐዋሳ ውስጥ ደግሞ ወላይታውም ሌላውም ጎረቤት ይኖራል። ምርጫ ቦርድ በከተማዋ ለሚኖሩ ሌሎች ብሔረሰቦች መብት ዋስትና እንዲዘጋጅ መጠየቁ ትክክል ነበር።

ስለዚህ ቃሉን «የነባር ሕዝቦች ደኅንነት» ብለን ብንተረጉመው የምንጎዳ ይመስለኛል። በእኛ አገር «ነባር» ከተባለ «መጤ» ይከተላል፤ ይህ ቃል ስንቱን ከቤቱ እንዳፈናቀለ እናውቃለን። በሐዋሳው ድምፅ ጥበቃ የሚሻው ሲዳማውም ነበር፣ ወላይታውም።

ሲዳማዎች «አፊኒ» የሚሉት የምክክር ወግ አላቸው፤ «ሰማችሁ?» እንደማለት ነው። ጉዳዩ እውነቱ እስኪጣራ ይመከርበታል፣ ይደመጣል። በሕዝበ ውሳኔ መድረክ ላይ ይህንኑ ጥያቄ ቁጥሩ አነስተኛ ለሆነው ወገን በቋንቋው ማቅረብ፣ መልሱንም ከብዙኃኑ ጭብጨባ በፊት መስማት የአወያዩ ሥራ ነው።