ጎርሶ አልተፋም ያለ ጠመንጃ

ዕቅድ «ከሸፈ» እንላለን። ድርድር «ከሸፈ»፣ ሙከራ «ከሸፈ» እንላለን። ቃሉ ግን የባሩድ ሽታ አለው፤ ቃታ ተስቦ ጥይቱ ሳይተኮስ ሲቀር «ከሸፈ» ይባላል። መቼም በአማርኛችን ጠመንጃ አፍ ያለው ፍጡር ነው። ጥይት ይጎርሳል፣ እሳት ይተፋል።

ከመክሸፍ የባሰ ነገርም አለ። ጥይቱ በደህና ተተኩሶ ሄዶ ባዶው ቀለሃ «አልወጣም» ሲል ነው። አሮጌው ቦታውን ካልለቀቀ አዲሱ የት ይግባ? ካርታው በጥይት ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ ያ ሁሉ ጠመንጃ በሰውየው እጅ ላይ ዱላ ሆኖ ይቀራል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጥይት በራሱ በሚያጎርስ ጠመንጃ ውስጥ ባሩዱ ሲነድ፣ ከነሐስ የተሠራው ቀለሃ ያብጥና ከተቀመጠበት ቤት ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ወዲያው ግፊቱ ሲቀንስ መለስ ብሎ ይሸበሸባል። በዚህ ጊዜ ከባሩዱ ጋዝ ጥቂቱ የኋላውን መዝጊያ ገፍቶ ይከፍታል፤ ጥፍር የመሰለች መንጠቆ የቀለሃውን ከንፈር ይዛ ትነቅለዋለች፤ ሌላ ባለሞላ ዘንግ ደግሞ ወደ ውጭ ይወረውረዋል። መንቀልና መወርወር ሁለት ሥራዎች ናቸው። መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ጠመንጃው ሲነክስ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ነው እምቢ ያለው?» ብሎ ነው። ቀለሃው ከቤቱ ወጥቶ መሐል ላይ ከተቀረቀረ፣ ጥፋቱ ከወርዋሪው ወይም መዝጊያው በቂ ርቀት ወደ ኋላ ካለመሄዱ ነው። እዚያው ቤቱ ውስጥ ተጣብቆ ከቀረ ከንፈሩን ማየት ነው። ከንፈሩ ደህና ከሆነ መንጠቆዋ ደክማለች። ከንፈሩ ተቦጭቆ ከሆነ ግን መንጠቆዋ ሥራዋን ሠርታለች፤ ቤቱ ነው አልለቅም ያለው።

የአሜሪካ ወታደሮች ቬትናም ውስጥ በብዛት ያዩት ይህንን የመጨረሻውን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዩጂን ስቶነር በ1950ዎቹ መጨረሻ የነደፈው ቀላል ጠመንጃ፣ በኋላ ኤም 16 የተባለው፣ በሙከራ ላይ የተመሰገነ ነበር። ከሽጉጥ እስከ መትረየስ ለሚያውቁ ሰዎች እንኳ ድንቅ ሆኖባቸው ነበር። በ1963 የአሜሪካ መንግሥት ወደ 104 ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ ከኮልት ኩባንያ አዘዘ።

ከዚያ በኋላ ቢሮ ውስጥ አንዳንድ ነገር ተወሰነ። ጠመንጃው የተነደፈበት ባሩድ በ1964 በሌላ ተለወጠ። አዲሱ ባሩድ ጥላሸት ይበዛዋል፤ መዝጊያውንም ከሚገባው በላይ ያፈጥነዋል። ቀለሃው ገና እንዳበጠ መንጠቆዋ ትስበዋለች፤ ከንፈሩም ይቦጨቃል። ከዚህ ቀደም በነበረው ኤም 14 ጠመንጃ ላይ የጥይቱ ቤት ዝገት እንዳይበላው በክሮም ይለበጥ ነበር፤ በአዲሱ ላይ ግን ይህ ቀረ። በቬትናም ዝናብና ወበቅ ውስጥ ያልተለበጠ ብረት ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። በዚህ ላይ «ይህ ጠመንጃ መጽዳት አይፈልግም» የሚል ወሬ ተነዛ፤ የመወልወያ ዕቃውም ለወታደሩ በበቂ አልደረሰም።

ይህ ሁሉ ይቅር እንበል። የማይቀረው ሌላው ነው። ኩባንያው ጠመንጃዎቹን ሲያስረክብ የተኩስ ፍጥነታቸው ይፈተን ነበር። በአዲሱ ባሩድ ከተፈተኑ ከተወሰነው ፍጥነት ያልፋሉ። መፍትሔው ምን ሆነ? በአሮጌው ባሩድ እንዲፈተኑ ተፈቀደ! ጠመንጃው በአንዱ ባሩድ ፈተና ያልፋል፤ ወታደሩ በሌላው ይዋጋል።

ታዲያ ጠመንጃው ሲነክስ ማን ተጠየቀ? ወታደሩ። «አላጸዳህም» ተባለ። አለማጽዳቱ እውነትም ነበረበት፤ ግን ዕቃውን ያልሰጠው ማን ነው? የእኛ ሰው ይህን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይለዋል። የተጣበቀውን ቀለሃ ለማውጣት በአፈሙዙ በኩል ረጅም ዘንግ ሰዶ መግፋት ያስፈልጋል። ጠላት ፊት ለፊት እየተኮሰ ይህን ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው አይገባውም። ፈታተው ሊጠግኑት ሲታገሉ ጠመንጃቸው አጠገብ ሞተው የተገኙ ነበሩ።

ምስጢሩን ያወጣው የቴክኒክ ሪፖርት አልነበረም፤ ደብዳቤ ነው። ወታደሮቹ ለእናት ለአባቶቻቸው ጻፉ፤ እነሱ ደግሞ ለተወካዮቻቸው። በግንቦት 1967 የኒው ጀርሲው እንደራሴ ጄምስ ሃዋርድ የአንድ ባሕር ኃይል ወታደር ደብዳቤ ምክር ቤት ውስጥ አነበበ። በዚያው ዓመት በሪቻርድ ኢኮርድ የሚመራ ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ በጥቅምት ሪፖርቱን አወጣ። ለባሩዱ ለውጥ በቂ ምክንያት እንዳላገኘ፣ የኃላፊዎቹም አድራጎት ከወንጀል ጋር በሚዋሰን ቸልተኝነት የሚመደብ እንደሆነ ጻፈ።

መድኃኒቱ ቀላል መሆኑ ነው የሚያናድደው። የጥይቱ ቤት በክሮም ተለበጠ፤ የመዝጊያውን ፍጥነት የሚገታው ክፍል ተሻሻለ፤ ባሩዱም ተስተካከለ። የመወልወያ ዕቃ ታደለ፤ ኋላም ሰደፉ ውስጥ ቦታ ተበጀለት። በ1968 ደግሞ ዝነኛው ሠዓሊ ዊል አይስነር የሣለው የአያያዝ መመሪያ፣ እንደ ሥዕላዊ ቀልድ መጽሐፍ ተዘጋጅቶ ለወታደሩ ተሰጠ። ያ የተረገመ ጠመንጃ ከዚያ ወዲህ ለአሥርት ዓመታት አገልግሏል።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ስለ ጠመንጃ አይደለም። አንድ ሰው እጅ ላይ የነከሰ መሣሪያ የሰውየው ጥፋት ሊሆን ይችላል። መቶ ሰው እጅ ላይ ሲነክስ ግን ሰዎቹን መውቀስ ትቶ የቀለሃውን ከንፈር ማየት ይገባል። ተቦጭቆ ከሆነ መንጠቆዋ አልሰነፈችም፤ የምትችለውን ያህል ስባለች። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ቤቱን ለሠሩት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ «ሠራተኛው ሰነፍ ነው፣ ተማሪው ሰነፍ ነው፣ ገበሬው አይሰማም» ሲባል በሰማሁ ቁጥር፣ «ፈተናው በየትኛው ባሩድ ነበር?» ብዬ መጠየቅ ያምረኛል።