እጃችን የሚያውቀው፣ አፋችን የሚሰድበው ፀጉር

መጋቢት 2011 ዓ.ም ለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ አንድ ነገር መለሰ። ዘውድ አይደለም፣ ብራናም አይደለም። የአጼ ቴዎድሮስ ፀጉር ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ ንጉሡ ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ ተቆርጦ የተወሰደ። ሙዚየሙ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1959 አስከሬናቸውን ከሳለ ሠዓሊ ዘመዶች ነበር።

ቴዎድሮስ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ሹሩባቸው ነው። ሹሩባ ደግሞ ብቻን የሚሠሩት ነገር አይደለም። አንድ ሰው ከኋላ ይቀመጣል፣ ፀጉሩን በወስፌ ይከፍላል፣ ይጎነጉናል። ተሠሪው ንጉሥም ቢሆን አንገቱን ዝቅ ማድረግ አለበት። ታሪክ የንጉሡን ፀጉር መዝግቦ ይዟል፤ የጎነጎኑትን እጆች ግን አልቆጠራቸውም። እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለ እነዚያ እጆች ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ባለፈው ወር የስድስት ዓመት የእህቴ ልጅ መስታወት ፊት ቆማ «የኔ ፀጉር ለምን ወደ ታች አይወርድም?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀን ሙሉ ኮድ ስጽፍ የምውል ሰው ነኝ፤ ለጥያቄ መልስ መፈለግ ሥራዬ ነው። ለዚህ ግን ዝም አልኩ።

ዝም ያልኩት ቋንቋዬ ስላላገዘኝ ነው። አማርኛ ለፀጉር የሰጠውን ስም እዩት እስቲ። ቀጥ ያለው ሉጫ ይባላል። ረጅምና ለስላሳው ዞማ ነው፤ ዘፋኙም ሙሾ አውራጁም ያሞግሰዋል። የኔና የእሷ ዓይነቱ ግን ከርዳዳ ነው፤ ቃሉ ራሱ ሲነገር ይቧጭራል። ብዙ ጊዜ ፀጉራችንን መጥላት ያስተማረን ፈረንጅ ነው እንላለን። ግማሽ እውነት ነው። ዞማን ማወደስና ከርዳዳን ማንቋሸሽ ግን በገዛ ቋንቋችን፣ በገዛ አፋችን የምናደርገው ነገር ነው።

እጃችን ግን ሌላ ታሪክ አለው። እጃችን ይህን ፀጉር ከልጅነት እስከ ሞት ያውቀዋል። ሕፃን ሲወለድ እርግብግቢቱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል። ከፍ ሲል አናቱ ላይ ቁንጮ ይተውለታል። ልጅቷ ጋሜ ትሆናለች፣ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ሳዱላ፤ መሐል አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው ይቀራል። ስታገባ ያድጋል፣ ሹሩባ ይሠራል። ሐዘን ሲመጣ ይላጫል። ሰው ሳይናገር ዕድሜው፣ ትዳሩ፣ ሐዘኑ ከአናቱ ላይ ይነበብ ነበር። ለዚህ ሁሉ ፀጉሩ ሉጫ እንዲሆን ማንም አልጠየቀም።

ወንዶቹም ጋ ያው ነው። ጎፈር የአንበሳ ጋማ ነው፤ ጀግናም ራሱ ላይ ያደርገው ነበር። ያበጠረውና ያቆመው የራሱ ፀጉር ደግሞ ጎፈሬ ይባላል። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም፣ በዱር የኖሩትን አርበኞች ፎቶ ብታዩ ብዙዎቹ ባለ ጎፈሬ ናቸው። ያ «አልወርድም» ያለ ፀጉር እዚያ ፎቶ ላይ የሚያሳፍር ሳይሆን የሚያስፈራ ነው።

አፋሮች ፀጉራቸውን በቅቤ እያሹ ይጠቀልሉታል። የሐመር ሴቶች ቅቤና ቀይ አፈር ቀላቅለው በቀጫጭኑ ይገምዱታል። ደጋ ላይ ለጋ ቅቤ ከደረቀ የአደስ ቅጠል ጋር ይለወሳል። ሕዝቡም አየሩም የተለያየ ነው፣ ሁሉም ግን ቅቤ ላይ ተገናኙ። ለምን?

መሐንዲስ ስለሆንኩ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። የከርዳዳ ፀጉር ዘንግ በአግድም ቢቆረጥ ክብ አይደለም፣ ጠፍጠፍ ያለ ነው። የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ ቀጥ ባለ ፀጉር ላይ በቀላሉ እስከ ጫፍ ይወርዳል። በተጠቀለለው ላይ ግን በየመታጠፊያው እየቀረ ጫፉ ይደርቃል፣ ይሰበራል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በጋዋ ደረቅ የሆነ ከተማ ናት። ስለዚህ ወዙን ከውጭ ማምጣት ያስፈልጋል። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ማለትም የራስ ሙቀትና የቅዳሜ ፀሐይ ይበቁታል። እናቶቻችን ቀብተው በሻሽ አስረው ፀሐይ ላይ የሚያስቀምጡን በከንቱ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ቅባት ውሃ አይሰጥም፣ ያለው ውሃ ቶሎ እንዳይተን ነው የሚያግዘው። ስለዚህ በደረቅ ፀጉር ላይ ሳይሆን ታጥቦ ገና እርጥብ እያለ ነው የሚቀባው። ሹሩባውም ሥራ አለው። ፀጉር ሲረጥብ ውስጡ ያሉት ደካማ ማያያዣዎች ይላቀቃሉ፤ ሲደርቅ በያዘው ቅርጽ እንደገና ይታሰራሉ። እርጥቡ ተጎንጉኖ አድሮ ጠዋት ሲፈታ ያ የምንወደው ፍሪዝ ይወጣል፤ እሳት የለ፣ ኬሚካል የለ።

ከዚያ የውበት ሳሎን መጣ። ታሪኩ ከዕቃዎቹ ስም ይነበባል። ሚዶና ወስፌ የቤት ናቸው። ካስክ ፈረንሳይኛ ነው፣ የራስ ቁር ማለት ነው። ቢጉዲንም ከዚያው ሰፈር ነው። ፒያስትራ ጣልያንኛ ነው። ሪላክሰር እንግሊዝኛ። ቃላቱ ወደ እኛ ሲቀርቡ ፀጉሩ እየቀጠነ ሄደ። ሪላክሰር እንደ ውሃ ደካማውን ማያያዣ አይደለም የሚነካው፤ ጠንካራውን የሰልፈር ማያያዣ ነው የሚሰብረው፣ የተሰበረው ደግሞ አይመለስም። እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ተቀባሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ዞማ ነበርኩ። በሁለተኛው ዓመት ጀርባዬ ላይ የነበረው ፀጉር ማበጠሪያ ላይ ቀረ።

የድሮው ሁሉ ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም። ጥብቅ ሹሩባ ግንባርን ያሳሳል፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ተጎትቶ ፀጉራቸው ያልተመለሰላቸው ሴቶች አውቃለሁ። «ቻይ፣ ቁንጅና ያማል» እየተባልን ነው ያደግነው። ሳዱላም ሴት ልጅ ለትዳር መድረሷን ለሰው ሁሉ የሚያውጅ ምልክት ነበር፤ እሱን የሚናፍቅ የለም። እኔ የሚናፍቀኝ ሌላ ነው፦ ይህን ፀጉር እንደ ብልሽት ሳይሆን እንደ ፀጉር የሚይዝ እጅ።

ስለዚህ እማዬ ጋ ደወልኩ። «አደስ ከየት ነው የምትገዢው?» አልኳት። ሳቀች። «ሽታው ያስጠላኛል ስትይ አልነበር እንዴ?» አለችኝ። ነበር። ክፍል ውስጥ ቅቤ ቅቤ እንዳልሸት ስንቴ አልቅሼባታለሁ።

ቅዳሜ ልጅቷን ጉልበቶቼ መሐል አስቀመጥኳት። በለብታ ውሃ ታጥባለች፣ ገና እርጥብ ነው። ቅቤው ከአንገቷ ሥር ሲወርድ ተንጫጫች። ያን ጊዜ የጥያቄዋን መልስ ሰጠኋት፦ «የማይወርደው ስለሚጠቀለል ነው። አንበሳም ጋማው አይወርድም።» ትንሽ አሰበችና «አንበሳም ቅቤ ይቀባል?» አለች።

ሦስተኛው ጉንጉን ላይ «ጠበቀብኝ» አለች። እኔ በእሷ ዕድሜ ይህን ስል የሚመጣልኝ መልስ «ቻይ» ነበር። ፈታሁትና እንደገና አላላሁት።