ጥላሁንን በየትኛው ፊደል እንፈልገው?

አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 «አምኃ ሪከርድስ»ን ሲያቋቁም የሙዚቃ ወዳድ ቤት መዝገብ አያሻውም ነበር። ያለው ሸክላ በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ባለቤቱ በሽፋኑ ቀለም ይለየዋል። አምኃ ራሱ በ1975 እስኪሰደድ ድረስ ከ100 በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችን አሳተመ።

ነገሩን የቀየረው ካሴት ነው። ፊሊፕስ በ1963 ለዓለም ያስተዋወቀው ይህ ዕቃ በደርግ ዘመን ሸክላን ከቤታችን አስወጣ። ካሴት ይገለበጣላ! ከጎረቤት ተውሶ፣ ባዶ ካሴት ገዝቶ፣ አንዱን ገጽ ለአስቴር፣ ሌላውን ለኤፍሬም አድርጎ ማስቀዳት የተለመደ ሆነ። ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ስም ብቸኛው መዝገብ ነበር፤ የብዙዎቹ ቀለም ዛሬ ፈዟል።

በውጭው ዓለም የሙዚቃ ስብስብን በኮምፒዩተር መመዝገብ የተስፋፋው በሲዲ ዘመን ነው። አብዛኛው ሲዲ የዘፈኖቹን ርዕስ በውስጡ አልያዘም። በ1993 ቲ ካን የተባለ ባለሙያ የዘፈኖቹን ርዝመት አስልቶ ሲዲውን የሚለይ፣ ሲዲዲቢ የሚባል የመረጃ ቋት ጀመረ። ርዕሶቹን በነጻ የጻፉት ተጠቃሚዎች ነበሩ፤ ቋቱ ግን ኋላ በንግድ ድርጅት እጅ ገባ። በምትኩ ፍሪዲቢና የሮበርት ኬይ ሚውዚክብሬንዝ መጡ። ፍሪዲቢ በ2020 ተዘግቷል፤ ሚውዚክብሬንዝ ለትርፍ ባልቆመ ተቋም ሥር እስከ ዛሬ አለ።

በ1996 ደግሞ ኤሪክ ኬምፕ የተባለ ሰው የዘፈኑ መረጃ የሚጻፍበት ቦታ እንዲሆን የኤምፒ3 ፋይል ጭራ ላይ 128 ባይት ቀጠለበት፤ 30 ለርዕስ፣ 30 ለዘፋኝ፣ 30 ለአልበም፣ 4 ለዓመት። ፊደላችን ግን የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የላቲን ፊደላትን ቦታ ተውሶ ይሠራ ስለነበር፣ እዚህ በአማርኛ የተጻፈው ሌላ ኮምፒዩተር ላይ የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ስለዚህ በላቲን መጻፍ ለመድን። በፍላሽ ተጭኖ የመጣውማ ስንቱ «ትራክ 01» ነው!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የስሙ ጉዳይ ነው። ስምን በመጨረሻው ቃል የሚደረድር ፕሮግራም ማህሙድ አህመድን ከ«አህመድ»፣ ጥላሁን ገሠሠን ከ«ገሠሠ» ሥር ይከተዋል። ጥላሁንን በአባቱ ስም የሚፈልግ ማን አለ? በላቲን ሲጻፍም መልኩ ይለዋወጣል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1997 የጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሲዲ ተከታታይ አናባቢዎቹን በፈረንሳይኛ ምልክት ይጽፋቸዋል፤ ሌላው ሽፋን ሌላ ይላል። በአማርኛ ብንመዘግብም «ገሠሠ» ተብሎ የገባው «ገሰሰ» ተብሎ ሲፈለግ ሊጠፋ ይችላል፤ ካላስተማሩት በቀር ማሽኑ ሠ እና ሰ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም። ዓመቱም ያው ነው፤ ሽፋኑ ላይ 1985 የሚል ካሴት በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ለፈረንጁ 1992 ወይም 1993 ነው። ለሁለቱም ዓመት ቦታ የሌለው መዝገብ ዘፈኑን ከዘመኑ ያጣላዋል።

ታዲያ ለመዝገባችን የቱ ይሻላል? በ2004 የወጣው ዴሊሸስ ላይብረሪ የተባለ የማክ ፕሮግራም ባርኮድ በካሜራ አንብቦ ሽፋኑንና ዝርዝሩን ከአማዞን ያመጣ ነበር። ያማረ ሥራ ነበር፤ መረጃው ሲቋረጥበት በ2024 አበቃለት። አብዛኛው የእኛ ካሴት ባርኮድም የለው። ሸክላ ላለው ሰው ዲስኮግስ የተባለውን ድረ ገጽ እመርጣለሁ፤ በየእትሙ የታተመውን አጻጻፍ ከዋናው ስም ጋር ያያይዛል፣ የመዘገብነውንም በሰንጠረዥ ፋይል ያወርድልናል። ኤምፒ3 ለበዛበት ሚውዚክብሬንዝ ይበጃል፤ መደርደሪያ ስምና ተለዋጭ ስሞችን ለየብቻ ይቀበላል። የትኛውንም ፕሮግራም ከመጫኔ በፊት የማጣራው ግን ያስገባሁትን መልሼ ማውጣት መቻሌን ነው።

በየቤቱ ደግሞ ከየትም የመረጃ ቋት የማይገኝ ካሴት አለ፤ የሠርግ ዘፈን፣ የአያት ድምፅ፣ ከስደት በድምፅ የተላከ ደብዳቤ። ለእነዚህ ተራ ሰንጠረዥ ይበቃል፤ ማን ተናገረ፣ የት ተቀዳ፣ መቼ፣ ለማን ተላከ። ድምፁን የሚለዩት ትልልቆቹ አጠገባችን ሳሉ እነዚህን አስቀድመን እንመዝግብ፤ የጥላሁንን ሌሎችም መዝግበውታል።