ከምድር ባቡሩ ታሪክ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት፦ አብሮ መሥራትና እኩል መደመጥ በድሬ ዳዋ

ድሬ ዳዋ ሥራ የወለዳት ከተማ መሆኗ ይታወቃል። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ 310 ኪ.ሜ. ያህል ተዘርግቶ በ1895 ዓ.ም. ከደንገጎ ተራራ በታች ካለው ሜዳ ደረሰ። መስመሩ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ የነበረ ቢሆንም፣ ዳገቱ ከባድ፣ ወጪውም ብዙ በመሆኑ ጣቢያው በሜዳው ላይ ተሠራ። አዲሷ መንደር በመጀመሪያ “አዲስ ሐረር” ተብላ ነበር፤ የጸናው ግን የአካባቢው ሕዝብ የሚጠራበት ድሬ ዳዋ የሚለው ስም ነው።

ሥራው ያሰባሰበው ሕዝብ

ሐዲዱን የዘረጉት፣ ጣቢያውንና የጥገና ወርክሾፑን ያንቀሳቀሱት ከአንድ ወገን የመጡ ሰዎች አልነበሩም። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌውና አፋሩ ከየመን ዐረቦች፣ ከግሪኮች፣ ከአርመኖች፣ ከጣሊያኖችና ከፈረንሳዮች ጋር በአንድ ከተማ ኑሮውን መሠረተ። ደቻቱ ወንዝ ከዚራንና መጋላን ቢለያቸውም ሥራና ገበያ ያገናኛቸው ነበር። አንድ የድሬ ልጅ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ እያቀላቀለ መናገሩ እስከ ዛሬ የከተማዋ መታወቂያ ነው።

ይሁን እንጂ መግባባቱ ገና ከጅምሩ በቀላሉ የተገኘ አልነበረም። የሐዲዱ ሥራ በተጀመረባቸው ዓመታት መስመሩ የግጦሽ መሬታቸውን ያቋረጠባቸው የኢሳ አርብቶ አደሮች በሥራው ላይ ጥቃት ያደርሱ ነበር። ሳያማክሩት በደጁ የሚያልፍ ሥራ ለባለአገሩ ሥጋት እንጂ ልማት ሆኖ አይታየውም።

አብሮ መሥራት ብቻ በቂ አልነበረም

በምድር ባቡሩ ብዙ ቋንቋ ይነገር እንጂ መዝገብ የሚጻፍበትና ትእዛዝ የሚተላለፍበት ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። የበላይ ኃላፊነቱም ለረጅም ዓመታት በፈረንሳዮች እጅ ቆይቷል። ጉልበቱንና ሙያውን የሚሰጠው አገሬው ሠራተኛ በውሳኔው ቦታ አልነበረውም። በ1939/40 ዓ.ም. በድሬ ዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኞች ማኅበር ሲያቋቁሙ በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ የሠራተኛ ማኅበራት አንዱን መሥርተዋል። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ የተደረገው የሥራ ማቆም አድማ ግን በኃይል ተገታ። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም. ነው።

በ1952 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት ኢትዮጵያ በኩባንያው የፈረንሳይ እኩል ባለድርሻ ሆነች፤ ዋናው መሥሪያ ቤትም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ጅቡቲ በ1969 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ድርጅቱ የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ተባለ። ባለቤቱ ቢቀየርም ፈረንሳይኛ የሥራ ቋንቋነቱን ይዞ ቆየ። ቋንቋውን ያልተማረ ሠራተኛ የራሱን ጉዳይ የያዘውን ወረቀት እንኳ አስነብቦ መረዳት ነበረበት። ከዚህም ባለቤትነትን በወረቀት ማግኘትና በሥራው ላይ እኩል መደመጥ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መገንዘብ ይቻላል።

ታሪኩ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ያለው ፋይዳ

እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ ሮችዴል የተጀመረው ዘመናዊ የኅብረት ሥራ እንቅስቃሴ ቀዳሚ መርህ አባልነት በፈቃደኝነትና ለሁሉም ክፍት ሆኖ፣ በጾታ፣ በዘር፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ አመለካከት ልዩነት እንዳይደረግ ነው። በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም እርሱን በተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 የአንድ አባል አንድ ድምፅ መርህ ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። የምድር ባቡሩ ሠራተኛ ያጣው ይህንኑ ድምፅ ነበር።

መርሁ በተግባር የሚፈተነው ግን በአዋጁ ላይ ሳይሆን በሚዛኑ፣ በደረሰኙና በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ነው። በድሬ ዳዋ ገጠር ቀበሌዎች የሚኖረው አርሶ አደር በአብዛኛው ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ተናጋሪ ሲሆን የአስተዳደሩ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በመሆኑም የሒሳብ ሪፖርቱ በአማርኛ ብቻ ተነቦ እጅ ቢወጣ፣ አባሉ ድምፅ ሰጥቷል ይባል እንጂ ምን እንዳጸደቀ አያውቅም። ቃለ ጉባኤው አባሉ በሚሰማው ቋንቋ ሲነበብለትና ጥያቄውም በዚያው ቋንቋ ሲመለስለት ግን ትርፉንም ኪሳራውንም የኔ ብሎ ይቀበላል።

የሴቶችም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በባቡሩ መስመር ዳር ካሉ መንደሮች ወተት ይዘው ከተማ የሚገቡት፣ አትክልትና ጫት በገበያ የሚሸጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። የአባልነት ደብተሩ በባል ስም ብቻ ከሆነ ገበያውን የምታውቀው ሴት የገበያ ውሳኔ ከሚሰጥበት ስብሰባ ውጪ ትቀራለች፤ ማኅበሩም ዕውቀቷን ያጣል። እማወራዋም ሆነች ባለትዳሯ በራሷ ስም ዕጣ እንድትገዛና ለሥራ አመራር ኮሚቴ እንድትመረጥ ማድረግ ስለዚህ ለማኅበሩ ጥቅም እንጂ ችሮታ አይደለም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ የድሬ ዳዋ ሕዝብ አብሮ መኖርን ከማንም መማር አያስፈልገውም። የኅብረት ሥራ አመራሮችና የየቀበሌው ኃላፊዎች ድርሻ ይህን አብሮነት ከሰፈርና ከቡና ወደ ጉባኤው ማምጣት፣ በመተዳደሪያ ደንብ፣ በቋንቋና በምርጫ ማጽናት ነው። ያን ጊዜ አባሉ ማኅበሩን “የእነርሱ” ሳይሆን “የእኛ” ይለዋል።