ብዙ የሚወራላቸው ጌሞችና አማርኛ ተናጋሪዎቹ የዮዲት ወታደሮች

ይህን መጽሔት ለማዘጋጀት በተሰበሰብን ቁጥር ከወላጆች የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «እነዚህ ልጆች ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት ስለ ምንድን ነው?» ዕብራይስጡ አይደለም የሚያስቸግራቸው። ልጆቹ በአውቶቡስ፣ በሕንፃው ደረጃ ላይ፣ በሰንበት ምሳ ሳይቀር የሚጠሩት የጌም ስም ነው፤ ፎርትናይት፣ ማይንክራፍት፣ ፊፋ፣ ጂቲኤ። እኛ ወጣቶቹም ከዚያ ወሬ የወጣን አይደለንም። ስለዚህ ዘንድሮ በታሪክ ዓምዳችን የወሬውን ታሪክ እንጻፍ ተባባልን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አማርኛ ማንበብ የከበደው ወጣት ደግሞ እናቱን ያስነብብ፤ ሁለቱም ይጠቀማሉ።)

ወላጆች ሊያውቁት የሚገባው የመጀመሪያ ነገር፣ ወሬው ከጌሙ ቀድሞ የሚመጣ መሆኑ ነው። ጂቲኤ 5 በሴፕቴምበር 2013 ሲወጣ በ3 ቀን ውስጥ 1 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ። የሚቀጥለው የጂቲኤ 6 የመጀመሪያ ማስታወቂያ ፊልም በዲሴምበር 2023 ሲለቀቅ ደግሞ በአንድ ቀን ብቻ ከ90 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ። ያኔ እኮ ጌሙ ገና አልተሠራም፤ የሚጫወተው አንድም ሰው አልነበረም። የኛ ልጆች ግን የመኪናውን ቀለም ሳይቀር ይከራከሩበት ነበር።

ይህ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ1982 የስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም «ኢ.ቲ.» ዓለምን ሲያነጋግር፣ አታሪ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የፊልሙን ስም በብዙ ገንዘብ ገዝቶ ጌም ላውጣ አለ። ለገና ገበያ መድረስ ስለነበረበት ሀዋርድ ስኮት ዋርሾ ለሚባለው ባለሙያ የሰጠው ጊዜ 5 ሳምንት ገደማ ነው። ሌላ ጌም ብዙ ወራት ይፈጅ ነበር። ሰውየው በተሰጠው ጊዜ ጨረሰ፤ ኩባንያው በሚሊዮን የሚቆጠር ካሴት አሳተመ፤ ሰውም መጀመሪያ ላይ በወሬው ተስቦ ገዛ። ቤቱ ወስዶ ሲጫወተው ግን ያ የተወራለት ኢ.ቲ. ጉድጓድ ውስጥ እየወደቀ የሚያስቸግር፣ የማይገባ ጨዋታ ሆኖ አገኘው። ብዙው ካሴት ሳይሸጥ ቀረ። በሴፕቴምበር 1983 አታሪ ያልተሸጠ ዕቃውን በከባድ መኪና ጭኖ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ የቆሻሻ መጣያ ቀበረው። ከ30 ዓመት በላይ «ተቀብሯል፣ አልተቀበረም» ሲባል ኖሮ በኤፕሪል 2014 ተቆፍሮ ወጣ። የጌም ገበያው ራሱ በዚያው በ1983 አሜሪካ ውስጥ ወድቆ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። አታሪ ካሴቱን ሲቀብር ወላጆቻችን የት ነበሩ? ከጎንደርና ከትግራይ መንደሮች ወደ ሱዳን የሚደረገው የእግር ጉዞ እየበዛ የሄደው በነዚያው ወራት ነው። በዘመቻ ሙሴ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 ወደ 8,000 ሰው ወደ እስራኤል ገባ፤ በመንገድና በሱዳን ካምፖች ያለቀው 4,000 ገደማ ይባላል። ስለዚህ አባት ልጁን «ጌም ምን ይሠራልሃል?» ሲለው ከንቀት ብቻ አይምሰላችሁ። የዓለም ልጅ ሁሉ ፓክማን ሲጫወት እሱ ሌላ ቦታ ነበር። እሱ የሚያውቀው ጨዋታ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ በጠጠር የሚጫወተው ገበጣ ነው፤ ሲመሽ ደግሞ ኩኩሉ። (በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የሚባል ድርጅት «ኩኩሉ» በሚል ስም የስልክ ጌም ሠርቷል። የምታመልጠው ዶሮ ናት።)

በመካከሉ ስላለፉት ዓመታት ብዙ አናወራም። ቴትሪስ በ1984 ሞስኮ ተሠራ፤ ማይንክራፍት በ2011 ወጣ፤ ፎርትናይት በ2017 መጥቶ የክፍሉን ልጅ ሁሉ አስጨፈረ። እያንዳንዱ በጊዜው ከሱ በላይ የለም ተብሎለታል። ትልልቆቻችን በ2018 ማታ ማታ ስለ ፎርትናይት ምን ሲያወሩ እንደነበር ጠይቀናቸው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚያስታውስ አላገኘንም። ተጫውተዋል፣ ስቀዋል፣ አልፏል። ይሄም ነውር የለውም።

እኛን የገረመን ሌላ ነው። ስለ ጌም ይህን ያህል እያወራን፣ የኛ ታሪክ ያለባቸውን ጌሞች የሚያነሣ በመካከላችን አለመኖሩ። ሲቪላይዜሽን 5 ላይ በ2012 በወጣው ጭማሪ ኢትዮጵያ አለች፤ መሪዋ አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ የሚናገሩትም በአማርኛ ነው። «የዓድዋ መንፈስ» የሚባል ልዩ ኃይል ተሰጥቷቸዋል፤ ከነሱ የበለጠ ከተማ ካለው ጠላት ጋር ሲዋጉ ጦራቸው ይበረታል። ሲቪላይዜሽን 6 ላይ በ2020 አፄ ምኒልክ ገቡ፤ እሳቸውም አማርኛ ይናገራሉ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚነካን ግን ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ነው። ጌሙ ራሱ የ1999 ነው፤ በኖቬምበር 2015 የአፍሪካ መንግሥታት የሚል ጭማሪ ሲወጣለት ኢትዮጵያውያን ገቡበት። ሾተል የያዘ ወታደር አላቸው። ወታደሩን ስትነካው በአማርኛ ይመልስልሃል። በ5 ምዕራፍ የተከፈለ የዘመቻ ታሪክም አለ፤ የዘመቻው ባለቤት ዮዲት ናት።

ይህን እኛ ያወቅነው በአጋጣሚ ነው። ሰሜናዊው የኢንዱስትሪ ቀጠናችንን የማያውቅ የአሽዶድ ቤተሰብ የለም፤ ወደቡና የነዳጅ ማጣሪያው ባሉበት በኩል ብዙ ወላጆቻችን ዕድሜያቸውን በሚፍዓልና በመጋዘን ሚሽመሬት ገፍተውበታል። በትምህርት ቤት ዕረፍት የኛም ልጆች እዚያ ዕቃ ሊያሽጉ ይገባሉ። ከነሱ አንዱ በሀፍሳካ ሰዓት ስልኩ ላይ የዚህን ጌም ቪዲዮ ከፍቶ ያያል። አጠገቡ ሻይ የሚጠጡ አንዲት የጎንደር እናት ጆሯቸውን አቀኑ።

«ማነው እሱ አማርኛ የሚያወራው?» አሉት።

«ጌም ነው፣ እማማ። ወታደሮች ናቸው።»

«የማን ወታደሮች?»

«የዮዲት።»

ሻያቸውን አስቀመጡ። «የኛዋ ዮዲት?»

ልጁ «የኛ» መሆኗን ሰምቶ አያውቅም። ፈረንጆች ያወጧት ስም መስላው ነበር። እሳቸው ግን ከአያታቸው የሰሙትን ነገሩት፤ በስሜን ተራሮች አምባ ላይ የራሳችን ነገሥታት እንደነበሩን፣ ስማቸው ጌዴዎን ይባል እንደነበር፣ ዮዲት ከዚያ ዘር እንደሆነች፣ ጎረቤቶቻቸው ደግሞ ስሟ ሲነሣ ፊታቸው ይጠቁር እንደነበር። ሀፍሳካው አለቀ፤ ልጁ ማታ ማኅበሩ መጥቶ «ዮዲት ማናት?» ብሎ ጠየቀን። ከመካከላችን አጥርቶ የመለሰ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርነው።

ጌሙ ዮዲትን የተበደለች ልዕልት አድርጎ ይጀምራል፤ ከአክሱም ትሰደዳለች፣ ጦር ታሰባስባለች፣ ተመልሳ አክሱምን ትይዛለች። ይሄ በኢትዮጵያ ከሚነገረው ትውፊት የተወሰደ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ጉዲት ትባላለች፣ እሳቶም ይሏታል፤ አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጠለች፣ ደብረ ዳሞ ላይ የንጉሥ ልጆችን የፈጀች ናት። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር ደርሶ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ የአይሁድ ንጉሥ ልጅ ነበረች ብሎ ጽፏል።

በዘመኑ የተጻፈው ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። በ10ኛው መቶ ዘመን ኢብን ሐውቀል የሚባል ዐረብ ተጓዥ የሐበሻን አገር ንጉሡን የገደለች አንዲት ሴት ለ30 ዓመት ያህል እንደምትገዛ መዘገበ። በግብፅ የፓትርያርኮች ታሪክ ውስጥም አንድ የሐበሻ ንጉሥ ለኖብያው ንጉሥ ለጊዮርጊስ የላከው ደብዳቤ ይነገራል፤ አንዲት ንግሥት አገሬን አጠፋችብኝ፣ ጳጳስ እንዲላክልኝ ርዳኝ ይላል። ሁለቱም ስሟን አይጠሩም። አይሁዳዊት ናትም አይሉም። ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ ከደቡብ፣ ከዳሞት የመጣች ንግሥት ሳትሆን አትቀርም ብሎ ገምቷል። ሌሎችም ሌላ ብለዋል።

ታዲያ የአያቶቻችን ወሬ ባዶ ነው ማለት ነው? እኛ አይመስለንም። በስሜን ተራሮች የቤተ እስራኤል መሪዎች ኃይል እንደነበራቸው የጠላቶቻቸው መጻሕፍት ራሳቸው ይመሰክራሉ። የአፄ ሠርፀ ድንግል ዜና መዋዕል በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከነራዳይ ጋር የተደረገውን ጦርነት በዝርዝር ይተርካል፤ የመጨረሻውን የጌዴዎንን ኃይል የሰበሩት በ17ኛው መቶ ዘመን አፄ ሱስንዮስ ናቸው። እዚህ ላይ ጌዴዎን እውነተኛ ሰው ነው። ዮዲትን ከዚህ ቤት ጋር የሚያያይዛት ግን ትውፊት ነው፤ በሁለቱ መካከል ከ600 ዓመት በላይ አለ። ጌሙ ይህንን ልዩነት አይነግርህም፤ ሊነግርህም አይችልም፣ ምክንያቱም የሚፈልገው የምትዋጋበት ካርታ ነው። አያትህ ግን የሰማውን ከማን እንደሰማው ይነግርሃል፤ ብትጠይቀው።

እኛ መጠየቅ ጀምረናል። ባለፉት ወራት ሽማግሌዎችን ማኅበሩ ክፍል እየጋበዝን በቴሌቪዥኑ ጌሙን እያሳየን ድምፃቸውን ቀድተናል። አስቀድመን እንደፈራነው አልሰለቻቸውም። አንድ አባት አክሱም ስትታይ መነጽራቸውን አውጥተው «ሐውልቱ የታለ?» ብለው ፈለጉ። ሌላ እናት የወታደሮቹን አማርኛ ሰምተው «ይሄ የከተማ ልጅ ነው» አሉና አሳቁን።

በጠቡ ቀን ግን ማንም አልሳቀም። አንድ አባት ዮዲት ንግሥታችን ናት፣ ልጆቹ ይኩሩባት አሉ። አጠገባቸው የተቀመጡት፣ ከወገራ የመጡ ሽማግሌ፣ እጃቸውን አነሡ። «እኔ ልጅ ሳለሁ ቤተ ክርስቲያን ያቃጠላችሁ እናንተ ናችሁ እየተባልኩ በድንጋይ ተባርሬያለሁ። እሷን የለጠፉብን እነሱ ናቸው። የኛ አትበሏት» አሉ። የመጀመሪያው አባት «ታዲያ አባቶቻችን ዋሹ?» ብለው ጠየቁ። ሽማግሌውም «አባቶችህ የሰሙትን ነገሩህ» አሉ፤ ክርክሩ ሌሊት ሚሽመሬት ያላቸው ሰዎች ተነሥተው እስኪሄዱ ቀጠለ። ልጆቹ ስልካቸውን አልነኩም። ቅጂው አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው፤ ማድመጥ የሚፈልግ ወደ ማኅበሩ ክፍል ይምጣ፣ የራሱን ወሬ ያለው አያቱን ይዞ ይምጣ።