ለየሥራው መሣሪያው
የፕሮግራም መጻፊያዎች አጭር ታሪክ

ቀን ሠርቶ ማታ ፕሮግራም መጻፍ የሚማረው ወገናችን ጥቂት አይደለም። ትምህርቱን እንደ ጀመረ ከሚገጥሙት ጥያቄዎች አንዱ «በየትኛው ኤዲተር ልጻፍ?» የሚለው ነው። ኤዲተር የፕሮግራም ጽሑፍ የሚጻፍበትና የሚታረምበት መሣሪያ ነው። አንዱን በደንብ ለመልመድ ብዙ ጊዜ ስለሚፈጅ ከእንቅልፉ ቀንሶ ለሚማር ሰው ምርጫው ቀላል ጉዳይ አይደለም። አንዱ ይህን፣ ሌላው ያንን ሲያወድስ ከመስማት ደግሞ ታሪካቸውን ማየት ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ1969 ኬን ቶምሰን በቤል ላቦራቶሪ «ኤድ»ን ሲሠራ ትእዛዙም መልሱም በቴሌታይፕ ወረቀት ላይ ይታተም ነበር። ስለዚህ ኤድ ንግግሩ ቁጥብ ሆነ፤ ብዙዎቹ ትእዛዞቹ አንድ ፊደል ናቸው፤ ያልገባው ነገር ሲገጥመውም የሚመልሰው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው።

በ1976 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ቢል ጆይ «ቪአይ»ን ጀመረ። ቤቱ ሆኖ የሚሠራበት የስልክ መስመር በሴኮንድ 30 ፊደል ያህል ብቻ ስለሚያስተላልፍ እያንዳንዱ ትእዛዝ አጭር መሆን ነበረበት።

በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) ሪቻርድ ስቶልማንና ጋይ ስቲል «ኢማክስ»ን አቋቋሙ። እዚያ ኮምፒዩተሩ ቅርብ ነበር። ስለዚህ ሐሳባቸው ሌላ ሆነ፤ ተጠቃሚው መሣሪያውን ራሱ እያሻሻለ እንደ ልኩ እንዲሰፋው ፈለጉ። ስቶልማን በ1985 ያወጣው «ግኑ ኢማክስ» ለዚህ የሚሆን የራሱ የፕሮግራም ቋንቋ አለው።

በ1983 ደግሞ ቦርላንድ «ቱርቦ ፓስካል»ን በ49.95 ዶላር ለገበያ አቀረበ። መጻፊያውና ተርጓሚው በአንድ ላይ ስለሆኑ ስሕተት ሲገኝ ጸሐፊውን በቀጥታ ወደ ቦታው ይወስደዋል። ማይክሮሶፍት በ2015 ያወጣው «ቪኤስ ኮድ»ም ጽሑፉን፣ ሙከራውንና የስሕተት ፍለጋውን በአንድ መስኮት በማሰባሰብ ይህንኑ መንገድ ይከተላል።

እንግዲህ እያንዳንዱ መሣሪያ የተወለደበትን ችግር ይዞ አድጓል። ሥራው ሩቅ ያለን የዩኒክስ ወይም የሊኑክስ ሰርቨር መጠበቅ ከሆነ ቪአይ ወይም በ1991 ሆላንዳዊው ብራም ሙሌናር ያወጣው ልጁ «ቪም» ይስማማዋል፤ ቀርፋፋ መስመር አያስቸግረውም፣ በአብዛኛው ሰርቨር ላይም ይገኛል። ለብዙ ዓመታት በአንድ ዓይነት ሥራ የሚቆይና መሣሪያውን በራሱ አምሳል መቅረጽ የሚወድ ሰው ኢማክስ ድካሙን ይክሰዋል። ጀማሪ ወይም ብዙ ፋይል ያለው ትልቅ ፕሮግራም የሚሠራ ግን ስሕተቱን ወዲያው ከሚያሳየው ከነቪኤስ ኮድ ቢጀምር ያተርፋል።

ጀማሪውም ቢሆን ቪአይን ከፍቶ አንድ መስመር ማረም፣ ማስቀመጥና መውጣት ቢማር መልካም ነው። አንድ ቀን ሰርቨሩ ሲታመም ሌላ መሣሪያ ላያገኝ ይችላል። መጥረቢያ ያለው ሰው ቢላ አያስፈልገኝም አይልም፤ አስቀድሞ የሚጠይቀው የሚቆረጠው ምን እንደሆነ ነው።